ሁለተኛ ድምፅ

ሰው አመሰገነኝና ፈራሁ ብላችሁ ታምኑኛላችሁ? እኔን ገጥሞኛል። ያመሰገነኝ ሰው ክፉ አልነበረም፤ ከልቡ ደስ ብሎት ነው ያመሰገነኝ። ያስፈራኝም ያ ደስታው ነው። ነገሩ የሆነው በደርግ ጊዜ፣ ባሌ ውስጥ፣ ጎባ ከተማ ላይ ሲሆን ከሐሙስ ጠዋት እስከ ዓርብ ከሰዓት ድረስ ያለውን ነው የምነግራችሁ። አስቀድሜ ግን ያን ጊዜ ማን እንደነበርኩ ልንገራችሁ፤ አለበለዚያ ለምን እንደፈራሁ አይገባችሁም።

ስሜ አበራሽ ይባላል። ያን ጊዜ አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነው። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ፣ የማትሪክ ውጤት እየጠበቅሁ፣ ሮቤ ከእናቴ ጋር እኖር ነበር። አባቴ ሞቷል፤ እናቴ ጤና ጣቢያ ውስጥ በጽዳት ትሠራለች። ሰፈሩ “ጴንጤ” የሚለን ቤተሰብ ነን። ጸሎት ቤታችን ታሽጎ እህል ማከማቻ ከሆነ ቆይቷል። በክፉ ዓይን ከመታየታችን በስተቀር ማንም አልነካንም፤ የተነኩት ጋሽ ዋቅጅራ ናቸው።

ጋሽ ዋቅጅራ ልብስ ሰፊ ነበሩ። የወለጋ ሰው ናቸው፤ በልጅነታቸው ሚሲዮን ትምህርት ቤት ገብተው በአራት ድምፅ መዘመርን እዚያ ተምረዋል። በአራት ድምፅ ማለት፣ አንዱ ዋናውን ዜማ ሲይዝ ሌላው ከሥሩ የራሱን መንገድ ይዞ ይሄዳል፤ ከላይ ያለው አንደኛ ድምፅ፣ ከሥሩ ያለው ሁለተኛ ድምፅ ይባላል። አልቶም ይሉታል። ጸሎት ቤቱ ሲታሸግ የመዘምራኑ መሪ እሳቸው ስለነበሩ ጎባ ወስደው አምስት ወር አሰሯቸው። ሲፈቷቸው “ሁለተኛ ሰው ሰብስበህ ስታዘምር ብትያዝ አትመለስም” ብለው አስፈረሟቸው። የተገረፉት የውስጥ እግራቸውን ነው። ብዙ ጊዜ የስፌት መኪናቸውን መርገጥ አቅቷቸው ባለቤታቸው እትዬ ጫልቱ ነበሩ የሚረግጡላቸው።

መርገጥ ሲችሉ ደግሞ ምን አደረጉ? እኛን ሰበሰቡን። ሰባት ነበርን። እሁድ ጠዋት የሚጠገን ልብስ እየያዝን አንድ አንድ እያልን እንገባለን። ጋሽ ዋቅጅራ መኪናው ላይ ይቀመጡና ክር ያልገባበትን መርፌ ቁራጭ ጨርቅ ላይ ይነዱታል። ድምፁ መንገድ ድረስ ይሰማል። እኛ ከዚያ ድምፅ በታች ሆነን እንዘምራለን። አፍ አውጥቶ ማረም ስለማይቻል የሚመሩን በጣታቸው ነው፤ ጣታቸው ወደ ላይ ካለ ከፍ፣ ወደ ታች ካለ ዝቅ፣ መዳፋቸውን ከጨበጡ ዝም። ሦስት ዓመት እንዲህ ስለተማርኩ ጣታቸው ሲነሣ ድምፄ የሚነሣው እኔን ሳያስፈቅድ ነበር።

ጎረቤት ምን ይል ነበር መሰላችሁ? “ይኼ ሰውዬ ሰንበት አያውቅም፤ ገንዘብ ነው የሚያመልከው” ይላቸዋል። የቀበሌው ሊቀመንበር ደግሞ በስብሰባ መካከል አስነሥቶ፣ እሁድ እንኳ የማያርፍ የሥራ አርበኛ ብሎ አስጨብጭቦላቸዋል። ጋሽ ዋቅጅራ አንገታቸውን ደፍተው ጭብጨባውን ተቀበሉ። እኛ ከኋላ ተቀምጠን ሳቃችንን መያዝ አቅቶን ነበር።

ያን ክረምት አዲስ አበባ ካለው የሙዚቃ ከፍተኛ ትምህርት ቤት ፈታኝ ወደ ጎባ እንደሚመጣ ማስታወቂያ ተለጠፈ። ተፈትኖ ያለፈ እዚያ ገብቶ ይማራል። እኔ ሌላ ነገር ተመኝቼ አላውቅም። እናቴ “ዘፋኝ ልትሆኚ ነው?” ብላ አለቀሰች፤ ጋሽ ዋቅጅራ ናቸው ቁጭ ብለው ያግባቧት። ለእኔም ምክር ሰጡኝ። “ስታዜሚ ዓይንሽን እንዳትጨፍኚ። የእኛን መዝሙር አንዷንም እንዳታነሺ። ስትጨርሺ አሜን እንዳትዪ” አሉኝ። እኔም በጣቴ ቆጥሬ ያዝኩት። ሁለታችንም ግን ዋናውን ነገር ረሳነው፤ ለእኛ ተራ አዘማመር ስለሆነ ትዝም አላለን።

ሐሙስ ጠዋት በላንድሮቨር ጎባ ደረስኩ። ጉሙ ከተራራው ወርዶ ከተማውን ሸፍኖታል። የስብሰባ አዳራሹ በረንዳ ላይ ከጊኒርም፣ ከጎሮም፣ ከጎባም የመጣን ሃያ የምንሆን ልጆች እየተንቀጠቀጥን ቆመናል። ፎርም ሰጡን። “ሙዚቃ የት ተማርሽ?” ለሚለው “ከሬዲዮ” ብዬ ጻፍኩ። ቤታችን ሬዲዮ እንደሌለ ትዝ ያለኝ ወረቀቱን ከሰጠሁ በኋላ ነው። ሮጬ ልቀበላቸው አሰብኩ፤ ግን የሚሮጥ ሰው ምክንያቱን ይጠየቃል ብዬ ቀረሁ።

ተራዬ ደርሶ ስገባ ሁለት ሰዎች ነበሩ። አንዱ ፈታኙ ነው፤ ጺሙን ያሳደገ፣ አኮርዲዮን ጭኑ ላይ ያስቀመጠ፣ ሳቂታ ሰው። ሌላው ጓድ ታፈሰ ይባላል፤ የክፍለ ሀገሩን የኪነት ቡድኖች የሚከታተለው ካድሬ ነው። እሱ ካልፈረመ ማንም አያልፍም። ከፊቱ ፎርማችን ተደርድሯል፤ በእርሳሱ ጫፍ ያንኳኳል።

ፈታኙ በመጀመሪያ በእጁ እያጨበጨበ አስደገመኝ፤ ደገምኩ። አኮርዲዮኑን እየነካ “ይህን ድምፅ አውጪ” አለኝ፤ አወጣሁ።

“ጮክ በይ እንጂ” አለ።

ልጮህ ሞከርኩ። ሦስት ዓመት ከስፌት መኪና በታች ስዘምር የኖርኩ ሰው ከየት አባቴ አምጥቼ ልጩህ? የወጣው ያው ትንሹ ድምፄ ነው።

“ሕፃን እያስተኛሽ ነው እንዴ?” ብሎ ሳቀ። ጓድ ታፈሰም ፈገግ አለ። “ግድ የለም፣ ድምፅ ይታነጻል። በይ አንድ መዝሙር አብረን እንበል” አለኝና ያን ጊዜ ተማሪ ሁሉ የሚያውቀውን አንድ የእርሻ ዘመቻ መዝሙር ጀመረ።

ዓይኔን እንዳልጨፍን እየተጠነቀቅሁ ነበር። አፌ አሜን እንዳይል እየተጠነቀቅሁ ነበር። ሐሳቤ ሁሉ እዚያ ላይ ስለነበር ድምፄ ብቻውን ቀረ፤ እሱ ደግሞ የለመደውን አደረገ። ፈታኙ ላይ ላዩን ሲሄድ እኔ ሥር ሥሩን መሄድ ጀመርኩ።

ፈታኙ በመካከል አቋረጠ። ሳቁ ከፊቱ ጠፋ።

“ድገሚው” አለኝ።

ጀመረ፤ እኔም ደገምኩ። የሠራሁት ስሕተት አልታወቀኝም፤ እንዲያውም ደስ ብሎኛል። ሲጨርስ ወደ ካድሬው ዞረ።

“ጓድ ታፈሰ፣ ሰሙ?”

“ምኑን?”

“እኔ ዜማውን ስይዝ እሷ ከሥሩ ሌላ ዜማ ሠራች። አንድም ቦታ አልተጋጨንም። ይህን እኔ ተማሪዎቼን ለማስተማር ዓመት ይፈጅብኛል።”

“ጥሩ ነው ወይስ መጥፎ?”

“ጥሩ ነው እንጂ። በጣም ጥሩ ነው” አለና ወደ እኔ ዞረ። ዓይኑ ያበራል። “ማን ነው ያስተማረሽ?”

ያን ጊዜ ነው የገባኝ። ለካ የረሳነው ነገር ይህ ሁለተኛ ድምፅ ነው።

“ሬዲዮ” አልኩ።

“ሬዲዮ ይህን አያስተምርም። ይህ አጠገብሽ ቁጭ ብሎ የሚያርም ሰው ይፈልጋል። እንዲህ ያለ ሰው ባሌ ውስጥ አለ? እባክሽ አገናኚኝ፤ እጁን ልጨብጠው እፈልጋለሁ። ጓድ ታፈሰ፣ ይህን ሰው ለኪነት ቡድኖችዎ ቢያገኙት እኮ ትልቅ ነገር ነው።”

የጓድ ታፈሰ እርሳስ ማንኳኳቱን አቆመ። ፎርሜን ከክምሩ ውስጥ ፈልጎ አወጣና አነበበው።

“ይህ ዓይነት አዘፋፈን የት ነው የሚማሩት?” ሲል ፈታኙን ጠየቀው።

እኔ መልሱን አውቀዋለሁ። “ሚሲዮን” የምትለዋ ቃል ከአፉ እስክትወጣ ጠበቅሁ።

“እኔ እንኳ የተማርኩት ውጭ አገር ነው፤ ቡልጋሪያ፣ ሶፊያ” አለ ፈታኙ።

“እንግዲህ” አለ ጓድ ታፈሰ ቀስ ብሎ፣ “ውጭ አገር የተማረ፣ እኛ የማናውቀው ሰው ሮቤ ውስጥ ተቀምጦ ወጣት ያሠለጥናል ማለት ነው። ጓዲት አበራሽ፣ ማን ነው ሰውየው?”

“ሰው የለም፣ ጓድ።”

“ነገ ከሰዓት ይዘሽው ነይ። ካላመጣሽው እኛ እንፈልገዋለን። የመጀመሪያው ቤት የአንቺ ነው።”

ፈታኙ ይህን እንደ ቀልድ ነው የሰማው። “ነገ እጠብቃችኋለሁ” ብሎ በፈገግታ ሸኘኝ። በሕይወቴ እንደዚያ ሰው የጠላሁት የለም፤ ክፉ ቢሆን ኖሮ እንኳ ይሻለኝ ነበር።

ወደ ሮቤ ስመለስ ከኋላችን የምትመጣ አንዲት መኪና ነበረች። ላንድሮቨራችን ሲቆም ትቆማለች፣ ሲሄድ ትሄዳለች። ዞሬ እንዳላያት አንገቴን አደረቅሁ። ሮቤ መግቢያ ላይ አልፋን ወደ ጊኒር መንገድ ሄደች፤ ለካ የመንግሥት እርሻ መኪና ናት። እኔ ግን ቀጥታ ወደ ጋሽ ዋቅጅራ ቤት ለመሄድ ፈርቼ ገበያውን ሁለት ጊዜ ዞርኩት፤ እግሬን ጭቃ ውጦታል።

ስገባ ጋሽ ዋቅጅራ እጅጌ ሲተኩሱ ነበር።

“አካም፣ ኢንተላ ኮ” አሉኝ፤ ልጄ እንደምን ነሽ ማለታቸው ነው። ፊቴን ሲያዩ ካውያውን አስቀመጡት። “ምን ሆንሽ?”

በሹክሹክታ ነገርኳቸው። ጨርሼ ሳበቃ በሩን ገፋ አድርገው ዘጉት።

“አልቶ አወጣሽ?” አሉ።

“ሳላውቀው ወጣብኝ።”

“እንዴት ነበር?”

“ምኑ?”

“ድምፅሽ ነዋ። ልክ ነበር?”

“ልክ ነበር” አልኩ።

በዚያ ሁሉ ፍርሃት መካከል ደስ ሲላቸው አየሁ፤ ሊደብቁት ቢሞክሩም አየሁት። ወዲያው ግን ፊታቸው ተለወጠና ወንበር ስበው አስቀመጡኝ።

“ስሚኝ። ስሜን ስጫቸው። ካልሰጠሽ አንቺንና እናትሽን ነው የሚይዙት። እኔ ለምጄዋለሁ።”

“አልሰጥም፣ ጋሼ። ይሂዱ፣ ወለጋ ይሂዱ።”

“የት ልሂድ? ነገ እኔም ጎባ ነኝ። የታፈሰን የአብዮት በዓል ልብስ የምሰፋው እኔ ነኝ፤ ከእስራቴ በኋላ የተሾመ ስለሆነ ማንነቴን አያውቅም፤ ነገ ነው የሚለካው። ብቀር ምን ሆነ ይላል። እዚያ ብታዪኝ አታውቂኝም፣ እኔም አላውቅሽም። ስሜን መስጠት ግድ ከሆነብሽ ስጪ፤ አልቀየምሽም። ሂን ሶዳቲን።”

አትፍሪ ማለታቸው ነበር። እሳቸው ግን ቀድመው የተኮሱትን እጅጌ እንደገና መተኮስ ጀመሩ።

ስወጣ እትዬ ጫልቱ እስከ አጥሩ በር ተከተሉኝ። ጓዳ ሆነው ሰምተዋል። ክንዴን ያዙኝ፤ አያያዛቸው ያማል።

“እሳቸው ንገሪ ቢሉሽም አትንገሪ” አሉኝ። “ያን ጊዜ ሲመለሱ እግራቸውን ያጠብኩት እኔ ነኝ። አንቺ አላየሽውም። አትንገሪ፣ ልጄ።”

ክንዴን አስለቅቄ ወጣሁ። መንገድ ላይ ግን ወስኜ ነበር። ፈታኙ አስተማሪ አለ ያለው ድምፄ ስላማረው ነው፤ ድምፄ ካላማረው አስተማሪ የለም። ነገ ሄጄ አበላሻለሁ። ትናንት በአጋጣሚ ነው የሆነው ይላል፣ ያባርረኛል፣ ያልቃል። ይህን ለጋሽ ዋቅጅራ አልነገርኳቸውም፤ ብነግራቸው እንደሚከለክሉኝ ስለማውቅ ነው።

ማበላሸት ቀላል መስሏችሁ ከሆነ ሞክሩት። ቤት ገብቼ ዕቃ እያጠብኩ ድምፄን ሆን ብዬ ላጣምም ብል፣ ከተጣመመበት ተንሸራትቶ ወደ ቦታው ይመለሳል። እናቴ “ምን ሆነሻል ዛሬ?” አለችኝ። ጉንፋን ነው አልኳት። እሷን ላስፈራት አልፈለግሁም፤ የበሩ እንጨት በነፋስ በተንኳኳ ቁጥር ግን የምደነግጠው እኔ ነበርኩ።

ዓርብ ከሰዓት ብቻዬን ወደ አዳራሹ ገባሁ። ፈታኙ በር በሩን እያየ ነው የጠበቀኝ። ጓድ ታፈሰ ከጠረጴዛው ፊት ለፊት ቆሟል፤ ገና በነጭ ክር የተያያዘ የካኪ ኮት ለብሶ እጆቹን ዘርግቷል። ከኋላው ጋሽ ዋቅጅራ ጎንበስ ብለው አፋቸው ውስጥ የያዙትን ስፒል እያወጡ ጀርባው ላይ ይሰኩለታል። ቀና ብለው አላዩኝም።

“የታለ ሰውየው?” አለ ጓድ ታፈሰ።

“ሰው የለም፣ ጓድ። ሬዲዮ ነው ያልኩት እውነቴን ነው።”

“ቤትሽ ሬዲዮ አለ?”

“የጎረቤት ነው” አልኩ።

“የትኛው ጎረቤት?” ብሎ ወደ እኔ ሊራመድ ሲል ስፒሉ ወጋው።

“ጓድ፣ መንቀሳቀስ የለም፤ ስፒል አለ” አሉ ጋሽ ዋቅጅራ በተሰበረ አማርኛ። አማርኛቸው ከእኔ ይሻላል፤ ለባለሥልጣን ሲናገሩ ግን ሆን ብለው ይሰብሩታል።

ጓድ ታፈሰ ባለበት ቆመ። “እስቲ እንደገና ፈትናት” አለው ፈታኙን። “እኔም በደንብ ልስማ።”

ፈታኙ አኮርዲዮኑን ከፈተ። ያው የእርሻ መዝሙር ነው። እኔ የሱን ዜማ ይዤ አብሬው ሄድኩ፤ ደረቅ አድርጌ።

“እንደዚህ አይደለም” አለ። “እንደ ትናንቱ ሥሬን ሂጂ።”

ሥሩን ሄድኩ፤ አጣምሜ። ጆሮ የሚያሳክክ ነገር ወጣ። ፈታኙ ግንባሩን አኮማተረ። “ደነገጥሽ መሰለኝ። አንድ ጊዜ ዕረፊና ጀምሪ።”

ሁለተኛውንም አበላሸሁት። አሁን ማበላሸቱን እየቻልኩት መጣሁ። ፈታኙ ሲያዝንብኝ ይታየኛል፤ ጓድ ታፈሰም መሰልቸት ጀምሯል። አንድ ጊዜ ብቻ ቀርቶኛል ብዬ አሰብኩ። አንድ ጊዜ ካበላሸሁ ጋሽ ዋቅጅራ ማታ ቤታቸው ይገባሉ።

ሦስተኛውን ጀመርን። እስከ መጨረሻው ስንኝ ድረስ አጣምሜው ደረስኩ። እዚያ ላይ ሁለተኛ ድምፅ የሆነ ሰው አንድ ደረጃ ወደ ላይ መውጣት አለበት። እኔ እዚያው ታች ቀረሁ።

በዚያች ቅጽበት ቀና አልኩ። ጋሽ ዋቅጅራ ግራ እጃቸው የካድሬው ትከሻ ላይ ነው። ቀኝ እጃቸው፣ ሜትሩ መዳፋቸው ላይ እንደተንጠለጠለ፣ ከጓድ ታፈሰ ጆሮ አጠገብ ተነሥቷል። ጣታቸው ወደ ላይ ያመለክታል። ከፍ አድርጊ።

ያደረጉት አስበው አይደለም፤ ፊታቸውን ስላየሁ አውቃለሁ። የተሳሳተ ድምፅ ሰሙ፤ ሰላሳ ዓመት የተሳሳተ ድምፅ ሲያርም የኖረ እጃቸው ተነሣ። የእኔም ድምፅ ሳይጠይቀኝ ተነሣ። አንድ ደረጃ ወጣና ከፈታኙ ዜማ ሥር ልክ ቦታው ገብቶ ተቀመጠ፤ መዝሙሩም እዚያው ላይ አለቀ።

ጣሪያው ላይ ዝናብ መጀመሩን ያን ጊዜ ሰማሁ።

ጓድ ታፈሰ ፊቱ ወደ እኛ ስለሆነ ከኋላው ያለውን አላየም። ፈታኙ ግን አይቷል። ያየው የእኔን ዓይን ተከትሎ ነው። ጣታቸውን አየ፣ ሜትሩን አየ፣ የጋሽ ዋቅጅራን ፊት አየ። ጋሽ ዋቅጅራ እጃቸውን ቶሎ አወረዱ። ፈታኙ ትናንት እጁን ልጨብጠው እፈልጋለሁ ያለለት ሰው ይኸው ፊቱ ቆሟል። አሁን “ይኸው፣ ሰውየው እሱ ነው” ብሎ ይጮኻል ብዬ ጠበቅሁ። እሱ ግን ዓይኑን ወደ ካድሬው ኮት፣ ወደ ጠረጴዛው ወረቀት፣ ወደ እኔ መለሰ። ከትናንት ጀምሮ ምን ሲያደርግ እንደነበር ያን ጊዜ የገባው ይመስለኛል።

“እህ?” አለ ጓድ ታፈሰ። “ምን ትላለህ?”

ፈታኙ አኮርዲዮኑን ቀስ ብሎ ዘጋ፤ ማሰሪያውንም አሰረ።

“ተሳስቻለሁ፣ ጓድ። ትናንት የሰማሁት ከልጅቷ አይደለም። ይህ አኮርዲዮን አሮጌ ነው፤ አንዱን ስትነካው ሌላው አብሮ ይጮኻል።”

“የመጨረሻዋን ግን ደህና አላለቻትም?”

ካድሬው ሰምቷል።

“እሱም አኮርዲዮኑ ነው” አለ ፈታኙ። እርሳሱን አንሥቶ ፎርሜ ላይ ጻፈ፤ እየጻፈ ጮክ ብሎ አነበበው። “ለሙዚቃ ትምህርት የሚበቃ ድምፅ የላትም። አልተቀበልናትም።”

ጓድ ታፈሰ እጁን ዘርግቶ ወረቀቱን ተቀበለና እንደቆመ ፈረመበት። “ሁለተኛ የሰው ሥራ እንዳታስፈቺ” አለኝ። “ሂጂ።”

እግሬ እንዴት እንደተንቀሳቀሰ አላውቅም። በሩ ጋ ስደርስ የፈታኙን ድምፅ ሰምቼ ዞር አልኩ። የራሱን ኮት አውልቆ ለጋሽ ዋቅጅራ እየሰጣቸው ነበር። “ወንድሜ፣ እጅጌው ተተርትሮብኛል፤ እስቲ እይልኝ” ይላቸዋል። ጋሽ ዋቅጅራ ኮቱን ሲቀበሉ ፈታኙ እጃቸውን በሁለት እጁ ያዘ። ልብስ ለሰጡት ሰፊ ማንም እንደዚያ አያደርግም። ካድሬው ግድግዳው ላይ ባለ መስተዋት አዲሱን ልብሱን እያየ ነበር።

ወደ ሮቤ የተመለስነው በአንድ ላንድሮቨር ነው። እኔ ከፊት፣ ጋሽ ዋቅጅራ ከኋላ፤ የማይተዋወቁ ሁለት ሰዎች ሆነን። መንገዱን ሁሉ ሳለቅስ ሾፌሩ “ማን ሞቶብሽ ነው?” ብሎ ጠየቀኝ። ማንም አልሞተም አልኩት። እውነቴን ነበር፤ የማለቅሰውም ግማሹ ለዚያ ነው።

ከዚያ በኋላ ለወራት መኪና በቆመ ቁጥር ለእኔ የቆመ ይመስለኝ ነበር። ማንም አልመጣም። መዝሙሩን ግን አንድ ዓመት ያህል ተውነው። አንድ ቀን ጋሽ ዋቅጅራ እኛ ቤት መጥተው ሳይቀመጡ ጠየቁኝ።

“ሆን ብለሽ ነበር የምትሳሳቺው?”

“አዎ፣ ጋሼ።”

ፊታቸውን በሁለት እጃቸው ሸፈኑ። “እኔ የፈራሽ መስሎኝ ነበር” አሉ። “እጄም ሳላስበው ነው የተነሣው።”

እኔም ምንም እንዳልተቀየምኳቸው ነገርኳቸው። አሁን ለእናንተ እውነቱን ልናገር፤ ተቀይሜያቸው ነበር። ዓመታት ቆየብኝ። መምህራን ማሠልጠኛ ገብቼ ጎሮ አንደኛ ደረጃ ሳስተምር እንኳ አልለቀቀኝም። ሦስቱንም ጊዜ አበላሽቼ ብወጣ ኖሮ፣ ሰው ለማዳን ብዬ የራሴን ነገር በገዛ እጄ ተውኩት እያልኩ እኖር ነበር። ለነገሩ ድምፄም ያን ያህል አልነበረም ብዬ እጽናና ነበር። ጋሽ ዋቅጅራ ግን አንዷን ድምፅ አስተካከሉብኝ። ምን እንደቀረብኝ በልኩ እንዳውቅ አደረጉኝ።

ያን ፈታኝ ዳግመኛ አላየሁትም፤ ስሙን እንኳ አልጠየቅሁም። የሚያስደንቀኝ አሁን እሱ ነው። ሥራው ድምፅ ያለውን ሰው መፈለግ ነው፤ አገኘና በገዛ እጁ ድምፅ የላትም ብሎ ጻፈ። ሲጽፍ ምን ያህል እንደከበደው የገባኝ እኔም ተማሪ መፈተን ከጀመርኩ በኋላ ነው። ከዚያ ቀን ወዲህ የሰው ችሎታ ሲያስደስተኝ ጮክ ብዬ ከማመስገኔ በፊት ዙሪያዬን አያለሁ። ልጆቼ ምስጋና ትቆጥቢያለሽ ይሉኛል፤ ያደግሁት በዚያ ዘመን ነውና አይፍረዱብኝ።

ጋሽ ዋቅጅራን የቀበርናቸው ሸምግለው ነው፣ ደርግ ከወደቀና ጸሎት ቤታችን ከተከፈተ በኋላ። ቂሜም ከዚያ በፊት ለቆኝ ነበር፤ መቼ እንደለቀቀኝ ብትጠይቁኝ አላውቀውም። ጣታቸውን ባያነሡ ይሻል ነበር ወይ ብላችሁ ከጠየቃችሁኝ ግን ይህን እላችኋለሁ። ከዚያ ወዲህ በአደባባይም፣ በማይክሮፎንም ዘምሬአለሁ። እንደዚያች አንዲት ድምፅ ፈርቼ ያወጣኋት የለችም፤ እንደሷ ልክ የሆነችልኝም የለችም።